ዕድሜያቸው የገፋ ጫጩቶችን ለታቃፊ ዶሮ ስለ መስጠት

ከማፈልፈያ ቤት ወጥተው በየወረዳው ለገበሬው የሚታደሉ ጫጩቶች እናት የላቸውም። በማፈልፈያ መኪና ሞቀው፥ በሣጥን ተጭነው፥ የእናት ድምፅ ሳይሰሙ ወደ ባላገር ይደርሳሉ። ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቀበሌ የእናትነትን ሥራ ሊሠራላቸው የሚችል አንድ ፍጥረት በገበሬው ቤት ይገኛል፤ ይኸውም ዕንቍላሏን ታቅፋ የተቀመጠች ያገራችን ዶሮ ናት። ለእንዲህ ያለች ዶሮ የባዕድ ጫጩት መስጠት የባላገር ሴቶች የሚያውቁት ሥራ ነው። ዳሩ ግን ጫጩቱ የአንድ ቀን ልጅ ሲሆንና የዐሥር ቀን ልጅ ሲሆን ነገሩ አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው በተለይ ስለ ሁለተኛው፥ ማለት ዕድሜው ስለ ገፋው ጫጩት ነው።

ይህ የጓዳ ሥራ ነውና የመንግሥት ሹም ሊገባበት አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር የወረዳውን መዝገብ ገልጦ ይመልከት። የታደሉት ጫጩቶች ቍጥር በመዝገቡ ተጽፎ ይገኛል፤ ከሁለት ወር በኋላ በሕይወት የቀሩት ቍጥር ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። 20 ጫጩት በብድር ገንዘብ የወሰደች አንዲት ባልቴት ግን ማንም ሳይጽፍላት ቍጥሩን ታውቀዋለች። ጫጩቶቹ በብርድና በጭልፊት ቢያልቁባት ብድሩ አብሯቸው አይሞትም። በሚመጣውም ዓመት የልማት ሠራተኛው ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ ሊመክራት በደጇ ሲቆም፥ ቃሉን የምትመዝነው በነዚያ ጫጩቶች ነው።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ሥራ ዶሮን ከወተትና ከማር ጋራ አንድ ላይ ስለ ያዘ፥ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የጫጩት ፈላጊው በዝቷል። የተለመደው ሥርዐት አሳዳጊዎች የአንድ ቀኑን ጫጩት ተቀብለው አንድ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ያህል ካሳደጉት በኋላ ለገበሬው እንዲሸጡ ነው፤ መልካም ሥርዐትም ነው። ነገር ግን አሳዳጊ በማይደርስበት ስፍራ ጫጩቱን ገና በለጋነቱ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ፤ ችግሩም የሚነሣው በነዚህ ዘንድ ነው።

ጫጩት ከዕንቍላል ሲወጣ የአስኳሉን ትራፊ በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይበላና ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል። ጫጩትን በሩቅ መንገድ መላክ የተቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን እነዚሁ ሁለትና ሦስት ቀኖች ጫጩት እናቱን የሚለይባቸው ቀኖች ናቸው። እንግዲህ መንገዱ የሚበላው ጊዜ ትርፍ ጊዜ ሳይሆን ዋናው ጊዜ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ጫጩቱ በመንገድ አንድ ቀን ተኩል ቢቆይ፥ በዞኑ ከተማ አንድ ቀን ቢያድር፥ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተረካቢዎች ስም ተጽፎ እስኪፈረምና የማስረከቡ በዓል ቀን እስኪቈረጥለት ሦስት አራት ቀን ቢጨመርበት፥ ከገበሬይቱ እጅ የሚገባው የሳምንት ልጅ ሆኖ ነው። ሣጥኑ ያው ነው፥ ቍጥሩም ያው ነው፤ የጫጩቱ ልብ ግን ተለውጧል።

ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። ዳግላስ ስፓልዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ጫጩቶችን ከዕንቍላል እንደ ወጡ ዓይናቸውን ሸፍኖ ማቆየቱን ነግሯል። ሁለትና ሦስት ቀን ሲሆናቸው የገለጠላቸው ጫጩቶች የመጀመሪያውን የሚንቀሳቀስ ነገር፥ ሰውም ቢሆን፥ እንደ እናት ተከተሉት። አራት ቀን ያህል ሸፍኖ ያቆያቸው ግን ሲገልጥላቸው ደንግጠው ሸሹት። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባለው የኦስትሪያ ሰውም በ1935 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር ይህንኑ ጠባይ በዝይና በሌሎችም ወፎች አስፋፍቶ ጽፎታል። በባሕርይ ሥርዐት የሆነውም እንዲህ ነው፤ ጫጩት ከመፈልፈሉ ጥቂት ቀን በፊት በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፥ እርሱም ይመልስላታል፤ ከወጣም በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መልኳን ከድምፅዋ ጋራ አያይዞ ይይዛል። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያላወቀው ነገር ሁሉ፥ እናት ልትሆነው የምትችለው ዶሮ እንኳ ብትሆን፥ አስፈሪ ይሆንበታል።

ስለዚህ ለታቃፊ ዶሮ የተሰጠ ጫጩት ሲሞት ባለቤቲቱ ወዲያው ዶሮዋን ክፉ ናት ብላ ትወቅሳታለች፤ ጥፋቱ ግን ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ነው። ዶሮይቱ ብትቀበለው እንኳ ጫጩቱ ከክንፏ በታች መግባትን አያውቅም። ስትጠራው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ደግሞ እንግዳ መሆኑን ራሱ ይመሰክርባታል፥ እርሷም ትነክሰዋለች።

ወደ ዶሮይቱ ወገን ስንመለስ፥ የመታቀፍ ጠባይ በፈቃድዋ የምታመጣው ነገር አይደለም። በአንጐል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የሚባል ቅመም በደሟ ውስጥ ሲበዛ ዕንቍላል መጣል ታቆማለች፥ የሆዷ ላባ ይሳሳል፥ ከጐጆዋ አትነሣም፥ ሰው ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ይህ ቅመም የሚጸናው ከሆዷ በታች ያለው ነገር ሲነካት ነው፤ አስቀድሞ ዕንቍላሉ፥ ኋላም ጫጩቱ። ባላገር ሴቶች ዶሮይቱን ከመታቀፍ አስተው ወደ ዕንቍላል መጣል ሊመልሷት ሲፈልጉ ከጐጆዋ አንሥተው ወደ ጎረቤት ቤት ይወስዷታል፥ ወይም ውሃ ውስጥ ይነክሯታል፥ አንዳንዱም ቍልቍል ይሰቅላታል። ሥቃዩ ባይመሰገንም አሳቡ ትክክል ነው፤ ከጐጆዋ የተለየች ዶሮ ጥቂት ቀን ካለፈ የእናትነት ጠባይዋ ይጠፋል። እንዲህ ሆና የተመለሰችን ዶሮ መልሶ እናት ላድርግሽ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ባዕድ ጫጩት ለመቀበል የምትሻለው ዶሮ ቢያንስ ዐሥር ቀን፥ ይልቁንም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳትነሣ የታቀፈች ናት። ዕንቍላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ቢሆንም ዶሮይቱ ቀን አትቈጥርምና ቀኑ ሳይሞላ ጫጩት ከሥርዋ ብታገኝ አትደነቅም። ትናንት የተቀመጠች ግን ገና አልጸናችም። ደግሞም ቀድሞ ሌላ ጊዜ ጫጩት ያሳደገች ዶሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታቀፈች ቄብ ትመረጣለች። የራሷን ጫጩቶች ፈልፍላ ሦስትና አራት ቀን የመራች ዶሮ የራሷን ለይታ ስላወቀች ለባዕድ እጅግ ክፉ ትሆናለች፤ ለእንዲህ ያለችው ዕድሜው የገፋ ጫጩት ከቶ አይሰጣት።

በዚህ ስፍራ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ያገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን ዕንቍላል ብቻ በመሆኑ፥ ለዚህም አንዱ ምክንያት ደጋግማ መታቀፏ በመሆኑ፥ ጠባይዋ በእርባታ አዋቂዎች ዘንድ እንደ ጕድለት ሲቈጠር ኖሯል። ለዕንቍላል ተመርጠው የተዳቀሉት የውጭ ዘሮች ይህ ጠባይ ከሞላ ጐደል ጠፍቶላቸዋል። በዕንቍላል ሒሳብ ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን በቀበሌው ያሉት ዶሮዎች ሁሉ በውጭ ዘር ከተለወጡ በኋላ ጫጩት የሚያሳድገው ማን ነው? ጥንቁቅ ሹም በየቤቱ ጥቂት ያገር ዶሮዎች እንዲቀሩ ይመክራል እንጂ አሮጌ ነገር ነው ብሎ አያስጠፋቸውም።

ዕድሜን በሚመለከት እንዲህ ይመዘናል። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ሥራው ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ ዶሮዎች በአንድ ሌሊት ይቀበላሉ። ከአራተኛው ቀን እስከ ሳምንቱ ድረስ ይቻላል፥ ነገር ግን ትዕግሥትና ጥበቃ ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት የሆነው ጫጩት ሲሳካለት የሚታየው ጥቂት ጊዜ ነው። ሦስት ሳምንት ያለፈውና የክንፍ ላባ ያወጣው ግን ሙቀት እንደ ቀድሞው አያስፈልገውም፤ በዚህም ላይ ፈጥኖ የሚያድግ የውጭ ዘር ከሆነ በዚያ ዕድሜ ለትንሿ ያገር ዶሮ ከክንፏ በታች የሚገባ አይደለም። እንዲህ ያለውን በቤት ውስጥ ጠብቆ ማሳደግ ይሻላል እንጂ እናት መፈለግ ጫጩቱን ለንክሻ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ጫጩቱ ከመምጣቱ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ነው። ዶሮይቱ ከሌሎች ዶሮዎች ተለይታ፥ ጨለምና ጸጥ ባለ የቤት ጥግ፥ በመሬት ላይ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ገል ውስጥ ትቀመጥ። ቆጥ ላይ ወይም ከፍ ባለ መደብ ላይ ያለ ጐጆ ለዚህ አይሆንም፤ ጫጩቱ ከወደቀ ተመልሶ አይወጣምና። ቅንቅን ካለባት ከላባዋ ሥር ተፈልጎ ይጥፋላት፥ በአጠገቧም የምትንከባለልበት ደረቅ አመድ ይቀመጥላት። ቅንቅን ያለባት ዶሮ ለጫጩቶቹ የምታወርሳቸው ሙቀት ብቻ አይደለም። ታቃፊ ዶሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥታ ስለምትበላ ከስታለችና እህልና ውሃ በቅርብ ይሰጣት፤ የራባት እናት ጫጩቶቹን ትታ ወደ ደጅ ትወጣለች።

ጫጩቶቹን መስጠት በሌሊት ነው። ዶሮ በጨለማ አታይም፥ ከሆዷ በታች የሚነካትን ብቻ ታውቃለች። ከመሸ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ፥ ቤቱ ጸጥ ሲል፥ መብራቱ ተሸፍኖ፥ አንድ እጅ ከኋላዋ በክንፏ ሥር ገብቶ ሁለት ዕንቍላል ሲያወጣ ሌላው እጅ በፈንታው ሁለት ጫጩት ያስገባል። ከፊት ለፊቷ አይሰጣትም። ጫጩቶቹ ከመሰጠታቸው በፊት ጥቂት ጊዜ ሙቀታቸው ቢቀነስባቸው፥ ይኸውም እስኪንቀጠቀጡ ሳይሆን ሙቀት እስኪፈልጉ ድረስ፥ ከክንፉ በታች ራሳቸው ይጠጋሉ። የደጋ ሌሊት ለዚህ ሥራ ራሱ ረዳት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ከተገኘ አንድ ወይም ሁለቱን ከትልልቆቹ ጋራ መቀላቀል እጅግ ይጠቅማል፤ ትንሹ መንገዱን ያውቃልና ትልልቆቹ እርሱን አይተው ይገባሉ፥ ዶሮይቱም በትንሹ ድምፅ ትለሰልሳለች። ሁለቱ ከገቡ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ማዳመጥ ነው። ዶሮይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብታንጐራጕርና ክንፏን ከፍታ ብትቀመጥ ነገሩ መልካም ነውና የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው ይጨመሩ፥ የቀረውም ዕንቍላል ይነሣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን የሌሊቱ ሳይሆን የንጋቱ ነው። ብርሃን ሳይወጣ፥ ዶሮ ከመጮኹ አስቀድሞ፥ አንድ ሰው በአጠገቡ መገኘት አለበት። ብዙ ጫጩት የሚሞተው ባለቤቲቱ ሌሊቱ በሰላም አልፏል ብላ በተኛችበት በዚያች በመጀመሪያዋ የብርሃን ሰዓት ነው። ዶሮይቱ ጫጩቶቹን በዓይኗ የምታየው ያን ጊዜ ነውና። አንድ ጊዜ ነክሳ ብትተው ተግሣጽ ነው፥ እናትም ልጅዋን ትገሥጻለችና አያስደነግጥ። ራስ ራሱን ደጋግማ ብትወጋው፥ ወይም ላባዋን ነፍታ ተነሥታ ብታሳድደው ግን ወዲያው ጫጩቶቹን ማንሣት ይገባል፤ የጫጩት ራስ ቅል ሁለት ሦስት ንክሻ አይችልም። በሚቀጥለው ሌሊት አንድ ጊዜ እንደ ገና መሞከር ይቻላል። ሁለተኛውም ካልሆነ ሌላ ዶሮ ይፈለጋል እንጂ ትለምድ ይሆናል ተብሎ ጫጩት አይፈጅም። ቀለምም የሚያስታት ዶሮ አለች፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ጥቁር ወይም ነጭ ከሆነ እርሱን ለይታ የምትነክስ ስላለች፥ ለአንዲት ዶሮ የሚሰጡት ጫጩቶች መልካቸው የተቀራረበ ቢሆን ይመረጣል።

ዶሮይቱ የምትቀበል፥ ጫጩቶቹ ግን የሚሸሹ ከሆነ ሁሉንም በሰፊ ቅርጫት ከድኖ፥ አየር እንዲገባ አድርጎ፥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አብሮ መዝጋት ነው። ስፍራው ጠባብ ሲሆን ጫጩቱ የሚሸሽበት የለውም፥ ብርዱም ወደ እርሷ ይገፋዋል። በዚያ ጊዜ የሚሰጠው የተፈጨ በቆሎ ወይም የደቀቀ ስንዴ በፊቷ ይበተን እንጂ በዕቃ ብቻ አይቀመጥ፤ እናት ዶሮ ፍሬውን አንሥታ እየጣለች በልዩ ድምፅ ልጆቿን ትጠራለችና ጫጩቶቹ ድምፅዋን ከምግብ ጋራ አያይዘው የሚማሩት በዚህ ነው። የልማት ሠራተኛው ቤቱን ሲጐበኝ ሊያየው የሚገባው ምልክትም ይኸው ነው፤ ስትጠራ ከሮጡ ተሳክቷል፥ ስትጠራ ካልሮጡ ገና ነው፥ ደጅም አይውጡ። የውሃው ዕቃ ዝቅ ያለ ይሁን፥ ጫጩት ገብቶ እንዳይሞትም ጥቂት ጠጠር ይጨመርበት። ዕንቍላል በምትታቀፍበት ጐጆ ላይ ከነጐድጓድ ይጠብቃል ተብሎ ብረት ወይም ከሰል የሚቀመጥበት ቤት ካለ ሠራተኛው በዚህ ነገር ክርክር አይግጠም፤ አይጎዳም፥ ጊዜውም ለጠጠሩ ይበቃዋል።

ቍጥሩን ማብዛት ሌላው የጥፋት ምንጭ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ከሆነ አንዲት ያገር ዶሮ 12 ያህል ልትከድን ትችላለች፤ የሳምንት ልጅ ሲሆን ከ6 እስከ 8 ይበቃታል፥ በደጋ አገርም ከዚህ ቢያንስ ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት የሚያስፈልገው ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሲሆን በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ከክንፉ ውጭ የቀረው ጫጩት በደጋ ሌሊት ይህን አያገኝም፥ ጧትም ደርቆ ይገኛል። ከዚህ የተነሣ 20 ጫጩት ለሚሰጣት ቤት ከሁለት ያላነሱ ታቃፊዎች ያስፈልጓታል።

በሽታን ስለ መጠበቅ አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ፈንግል በአንድ ሳምንት መንደር የሚጨርስ በሽታ ነውና፥ ጫጩት የምትቀበለው ዶሮ ጫጩቱ ከመምጣቱ ሦስት ሳምንት ያህል በፊት ብትከተብ መልካም ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠራው ሙቀት የሚችል የፈንግል ክትባት በዓይን አንድ ጠብታ በመስጠት የሚከናወን ስለ ሆነ፥ የሠለጠነ የቀበሌ ሰው ሊሰጠው ይችላል። ክትባቱ በየሦስትና በየአራት ወሩ ይደገማል። ያነከሰች፥ አፍንጫዋ የሚፈስስ ወይም ኵሷ አረንጓዴ የሆነ ዶሮ ምንም ያህል የምትታቀፍ ብትሆን እናት አትሆንም።

ዶሮ ከታጣች ወይም ሁሉም እምቢ ካሉ የድርቆሽ ሣጥን አለ። በጅማ የግብርና ኮሌጅ ሲጠናና ሲስፋፋ የኖረው ይህ ሣጥን መብራትም ማገዶም አይፈልግም። በዙሪያው ድርቆሽ የታጨቀ፥ በመካከሉ የጫጩቶች ማደሪያ ያለው፥ ከላዩም በድርቆሽ ከረጢት የሚከደን የእንጨት ሣጥን ነው፤ ጫጩቶቹ በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት ይሞቃሉ። ክዳኑ ጭንቅ ሆኖ እንዳያፍናቸው አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይዘንጋ። ሣጥኑ ሙቀት ይሰጣል፥ ነገር ግን ጭላትን አይቶ አይጮኽም፥ ምስጥ ጭሮ አያሳይም። ስለዚህ የሣጥን ጫጩት ሁለት ወር እስኪሞላው በአጥር ውስጥ መዋል አለበት፤ ይህም ለባለቤቲቱ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

ወረዳው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ግን ገንዘብ የማያስወጣ ነው። ጫጩት ከመታዘዙ ሦስት ሳምንት በፊት የልማት ሠራተኛው በየቤቱ ዞሮ የታቀፉትን ዶሮዎችና የታቀፉበትን ቀን ይጻፍ። መኸር ከገባ በኋላ፥ ዝናቡ ሲያባራና እህል በአውድማ ሲበዛ፥ ባላገሩ ዶሮውን በብዛት ያስታቅፋልና ትእዛዙ ከዚያ ወራት ጋራ ቢገጥም ታቃፊ አይታጣም። ዕንቍላሏ ለሽያጭ ወይም ለምግብ የሚፈለግባት ቤት ካለች ከሥርዋ ከጭቃ የተሠራ ወይም የማይፈለፈል ዕንቍላል ተተክቶ ጠባይዋ እንዲጸና ትቆይ፤ ከአራት ሳምንት በላይ ግን እንዲህ አትቆይ፥ ትጠወልጋለችና። ማፈልፈያው ጫጩቱ የሚወጣበትን ቀን ሲያስታውቅ የተረካቢዎቹ ስም አስቀድሞ ተጽፎና ተፈርሞ ይጠብቅ። ሣጥኑ ወረዳው በደረሰበት በዚያው ቀን፥ ቢመሽም፥ ወደየቀበሌው ይላክ፤ መምሸቱ ለዚህ ሥራ እንዲያውም የተመቸ ነው። በመዝገቡም ላይ ከታደሉት ቍጥር አጠገብ ሁለት ባዶ ዓምድ ይሰመር፤ በአንደኛው ጫጩቱ ከተረካቢዋ እጅ ሲገባ የነበረው ዕድሜ በቀን፥ በሁለተኛው በስምንተኛው ሳምንት በሕይወት የተገኘው ቍጥር ይጻፍበታል።